የድሮ የስፖርት ፎቶ አንሺን ሕይወትና ሥራ ከነጌቲቮቹ አንብቦ ለመጻፍ፦ ለጎንደር የተዘጋጀ መመሪያ

በጎንደር በድሮ ፎቶ ቤቶች ጓዳና በየቤተሰቡ ሣጥን የተቀመጡ የእግር ኳስ፣ የሩጫ፣ የጉግስና የገና ጨዋታ ፎቶግራፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለጉት በውስጣቸው ስለሚታዩት ሰዎች ሲባል ነው። የአንድ ቡድን ታሪክ ሲዘጋጅ ወይም አንድ የቀድሞ ተጫዋች ሲያርፍ ሣጥኑ ይከፈታል፤ ያማረው ፎቶ ተመርጦ ይወጣል፤ የተቀረው እንደነገሩ ተመልሶ ይታጨቃል። ያነሣውን ሰው ግን ከጀርባው ማኅተም ካልተመታ በስተቀር የሚያስታውሰው የለም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በከተማው ስፖርትን ቀድሞ በካሜራ የተከታተለውን ያንን ባለሙያ ሰንዶ ለማስቀረት ለሚነሣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ መምህር ወይም የስፖርት ወዳጅ ነው።

ሣጥኑ ሳይነካ

ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው። ሣጥኑን የከፈተ ሰው በቅንነት ተነሣሥቶ የኳሱን ለብቻ፣ የሠርጉን ለብቻ፣ የጥምቀቱን ለብቻ መደርደር ይጀምራል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥም የባለሙያው ኑሮ የተጻፈበትን ቅደም ተከተል ይደመስሰዋል። የዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ የሚተዳደረው በጉርድ ፎቶ፣ በክርስትናና በሠርግ እንጂ በኳስ አልነበረም። በአንድ ጥቅል ፊልም ላይ አራት ጉርድ ፎቶ፣ ቀጥሎ ሁለት የክርስትና፣ ከዚያ ስድስት የጨዋታ ፎቶ በተከታታይ ቢገኙ፣ ባለሙያው ወደ ሜዳ የወጣው ከደንበኛ በተረፈው ፊልም መሆኑን ያ ጥቅል ይናገራል። ጥቅሉ ተቆራርጦ በየዘርፉ ከተበተነ በኋላ ግን ይህን የሚናገር ሌላ ማስረጃ አይኖርም። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ቃል አንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ተመዝግቦ ሳያልቅ ምንም ነገር ከቦታው አይነሣ።

አመዘጋገቡ ቀላል ነው። ሣጥኑ እንደተከፈተ ከላይ በስልክ ካሜራ ይነሣል፤ አንድ ድርብ በተነሣ ቁጥርም እንደገና ይነሣል። ለእያንዳንዱ ሣጥን፣ ለእያንዳንዱ ፖስታና ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ይሰጣል፤ ለምሳሌ «2-14-07» ማለት በሁለተኛው ሣጥን፣ በ14ኛው ፖስታ ውስጥ ያለ ሰባተኛ ፎቶ ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ፣ በፖስታው ላይ ወይም በታተመው ፎቶ ጀርባ ጠርዝ አካባቢ ሲሆን፣ እስክሪብቶ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ለፊቱ ስለሚያልፍ ፈጽሞ አያስፈልግም። በፖስታው ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የፊደል ስሕተቱና የተሰረዘው ዋጋ ሳይቀር፣ እንዳለ ይገለበጣል። «ቀሪ 2 ብር» የሚል ማስታወሻ ለቡድኑ ታሪክ ምንም ባይጠቅም ለፎቶ አንሺው ታሪክ ዋጋው ትልቅ ነው፤ ፎቶውን ማን እንዳዘዘውና ዕዳው መከፈል አለመከፈሉን ያሳያልና።

ስለ ጥንቃቄ ጥቂት ይነገር። ነጌቲቭ፣ ማለትም ፎቶው የሚታተምበት የታጠበ ፊልም፣ የሚያዘው በጠርዙ ነው፤ እጅም ታጥቦ የደረቀ መሆን አለበት። ከሣጥኑ የኮምጣጤ ሽታ ከመጣ አሲቴት ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ፊልም መበላሸት ጀምሯል ማለት ስለሆነ ያ ክፍል ከሌላው ተለይቶ ቀድሞ ይገለበጣል። በጠርዙ ላይ «ሴፍቲ» የሚል የላቲን ጽሑፍ የሌለው፣ የሚያጣብቅና ወደ ቢጫነት ያደላ ፊልም ከተገኘ ናይትሬት የሚባለው የድሮ ፊልም ዐይነት ሊሆን ስለሚችል ከእሳትና ከሙቀት ርቆ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ይቀመጥ፤ ይህ ፊልም በቀላሉ ተቀጣጥሎ በኃይል ይነድዳል። ከመስተዋት ጋር የተጣበቀ ፎቶ አይላጥም፤ ከነመስተዋቱ ይነሣል። የጎንደር ክረምት ርጥበት ለፎቶግራፍ ጠላት በመሆኑ ሣጥን የመክፈቱ ሥራ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት ቢከናወን ይመረጣል።

ፎቶ አንሺው የት ቆሞ ነበር?

ይህ የሥራው እጅግ ደስ የሚያሰኝ ክፍል ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ባለሙያው ራሱ በፎቶው ውስጥ ባይታይም ቁመቱን፣ አቋቋሙን፣ ትዕግሥቱንና የኪሱን ሁኔታ በየፎቶው ጥሎ አልፏል።

መነሻው የነጌቲቩ መጠን ነው። ነጌቲቩ ጎኑ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ካሬ ከሆነ እንደ ሮሌፍሌክስ ባለ፣ 120 የሚባለውን ፊልም በሚጎርስ ካሜራ ተነሥቷል፤ በአንድ ጥቅልም 12 ፎቶ ብቻ ይወጣል። 24 በ36 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሁለቱም ጠርዞቹ በተርታ የተበሱ ከሆነ ደግሞ በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ላይካ ያስፋፋው የ35 ሚሊ ሜትር ዐይነት ሲሆን፣ በአንድ ጥቅል እስከ 36 ፎቶ ያነሣል። በ12 እና በ36 መካከል ያለው ልዩነት የአንድን ሰው አሠራር በሙሉ ይለውጣል። 12 ብቻ ያለው ሰው ከጨዋታው በፊት ሁለቱን ቡድኖች አሰልፎ ያነሣል፤ የቡድን ፎቶ የሚሸጥ ነውና። ከዚያም የቀረውን ለጎል አፍ ይቆጥባል።

ባለ ካሬ ካሜራው ባለሙያ ካሜራውን ከሆዱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከላይ ወደ ታች ይመለከታል። በመመልከቻው መስተዋት ግራና ቀኝ ይገለበጣል፤ አጥቂው ወደ ቀኝ ሲሮጥ ምስሉ ወደ ግራ ይሸሻል። ስለዚህ ሯጭን በካሜራ መከተል እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ብልኅ የሆነ ባለሙያ የካሜራውን ርቀት አስቀድሞ በጎሉ ቋሚ ወይም በሜዳው ማዕዘን ላይ አስተካክሎ ኳሷ ወደ እርሱ እስክትመጣ ይጠብቃል። በአሮጌ አልበሞች ውስጥ በረኛና መረብ የሚበዙት፣ የመሀል ሜዳ ጨዋታ ግን የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ የመሀል ተጫዋቾች ከፎቶ ታሪክ መጉደላቸው የችሎታቸው ጉዳይ አይደለም።

ካሜራው በምን ከፍታ እንደተያዘ ከፎቶው ማረጋገጥ ይቻላል። ሜዳው ደልዳላ ከሆነ ከቅርብም ከሩቅም የቆሙት ሰዎች ራስ በአንድ መስመር ላይ ሲያርፍ ካሜራው በዐይን ከፍታ ላይ ነበር። የሰዎቹ ወገብ በአንድ መስመር ላይ ሆኖ የቅርቦቹ ራስ ከሩቆቹ ራስ በላይ ከወጣ ካሜራው በሆድ ከፍታ ላይ ነበር። ሌላው ምስክር ጥላ ነው። በዚያ ዘመን ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ የተለመደ ሥርዐት ስለነበር፣ አመሻሹ ላይ በተነሡ ፎቶዎች ግርጌ የፎቶ አንሺው ጥላ አንዳንዴ ወደ ሜዳው ገብቶ ይታያል። ጥላው ክርኖቹን በወገቡ ግራና ቀኝ ከፍቶ ራሱን የደፋ ከሆነ ባለ ካሬ ካሜራ ነው፤ እጆቹ ወደ ፊቱ የተነሡ ከሆነ በዐይን የሚያነጣጥሩበት ካሜራ ነው። ፎቶ ቤቶች ፎቶውን ሲያትሙ ይህን ጥላ ቆርጠው ስለሚያስቀሩት የሚገኘው በነጌቲቩ ላይ ነው። ከሙሉ ክምችት ውስጥ የባለሙያው ብቸኛ ምስል ይህ ጥላ ሊሆን ይችላል።

የእንቅስቃሴው ሁኔታም ይነበብ። ፊልሙ ብርሃን የመቀበል ዐቅሙ ዝቅተኛ በነበረበት ጊዜ ካሜራው ለመዝጋት ረዘም ያለ ቅጽበት ስለሚፈልግ የሚሮጥ እግር ይደበዝዛል። ሁለት ተጫዋቾች በቴስታ ሲሻሙ የተነሣ ፎቶ ግን ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ዘላይ ሰው ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ያህል እንደ መቆም ይላልና። እንዲህ ባለው ፎቶ ላይ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የሁለቱ ፊት የላብ ጠብታ ሳይቀር ተለይቶ፣ ኳሷ ብቻ ተለጥጣ እንቁላል መስላ ትገኛለች። ይህን ቅጽበት ደጋግሞ ያገኘ ባለሙያ ዕድለኛ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ጨዋታውን የሚያውቅ፣ ምናልባትም ራሱ የተጫወተ ሰው ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡን መጠየቅ ይገባል።

የጉግስ ፎቶ ለብቻው ይታይ። ወደ ካሜራው የሚመጣ ፈረስ በጎን ከሚያልፈው ፈረስ ያነሰ ስለሚደበዝዝ ጥሩዎቹ የጉግስ ፎቶዎች ከፊት ለፊት የተነሡ ናቸው፤ ይህ ደግሞ ባለሙያው ፈረስ በሚጋልብበት መስመር ላይ ቆሞ እንደነበር ያሳያል። ፈረስን በፎቶ መያዝ ዓለምንም ሲያስቸግር የኖረ ጉዳይ ነው። ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ፣ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮች በአንድ ጊዜ ከመሬት እንደሚለቁ ያረጋገጠው 12 ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ ነው። የጎንደሩ ባለሙያ ግን ያለው አንድ ካሜራ ብቻ ነበር። በገና ጨዋታ ፎቶ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንደሚባለው በሜዳው ላይ ማዕርግ ስለሚቀር፣ ማን ማንን እንደገፋ ተመልክቶ ማን የማን ጌታ እንደሆነ በመግለጫ ላይ መጻፍ አይገባም።

ቀኑን ማግኘት

የታተመበት ወረቀት የሚናገረው የታተመበትን ዘመን እንጂ የተነሣበትን አይደለም፤ አንድ ነጌቲቭ ከ20 ዓመት በኋላ እንደገና ሊታተም ይችላል። ይህን ይዞ ግን ወረቀቱ ይጠቅማል። ከጀርባው የሁለቱ ድርጅቶች ስም በአንድነት፣ ማለትም «አግፋ ጌቫርት» ተብሎ ከተጻፈ፣ የጀርመኑና የቤልጂጉ ኩባንያዎች የተዋሐዱት በ1964 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በኋላ የታተመ ነው። እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትት ጀርባ ያለው ወረቀት የተስፋፋው ደግሞ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። «ፌራኒያ» የጣሊያን ምርት ነው፤ ጎንደር ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ስለቆየች ይህ ጽሑፍ ወደዚያ ዘመን ሊጠቁም ቢችልም ምርቱ ከዚያም በኋላ ስለተሸጠ ብቻውን አያስረዳም። ከሰዎቹ በስተኋላ የሚታዩት የፒያሳ ሕንፃዎች ጣሊያን የሠራቸው ከሆኑ ቢያንስ ከዚያ በፊት አለመነሣቱን ያረጋግጣሉ።

ሰዓቱን ከጥላ ማስላት ይቻላል። በመስከረምና በመጋቢት አጋማሽ ገደማ በጎንደር የአንድ ሰው ጥላ ከቁመቱ ጋር የሚስተካከለው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በታኅሣሥ ግን 8 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሪው ጊዜ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ የሜዳው አቅጣጫ ከታወቀ ጥላው ወቅቱንም ሊነግር ይችላል።

በጽሑፍ የተገኘ ዓመት ሲኖር የትኛው የዘመን አቈጣጠር እንደሆነ መለየት ግዴታ ነው። የኢትዮጵያውን ዓመት ወደ አውሮፓው ለመመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱም ዓመታት ይጻፋሉ። በጋዜጣ ለማመሳከር ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመን ይጠቅማል፤ ሆኖም የክፍለ ሀገር ጨዋታ ሁሉ በጋዜጣ ይወጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ሰዎችን መጠየቅ

ለጥያቄ የሚወሰደው ቅጂ እንጂ ዋናው ፎቶ አይደለም። አንድ የቀድሞ ተጫዋች ዘንድ ሲኬድ «ይሄ ማን ነው?» ብሎ መጀመር መልሱን ያጠበዋል፤ ስሙ ካልመጣላቸው ያፍራሉ፣ ቀጥሎ የሚጠየቁትንም በጥርጣሬ ይመልሳሉ። «ጋሼ፣ ይሄኛው ቋሚ በመንገዱ በኩል ያለው ነው ወይስ በማዶው?» ብሎ ከቦታ መጀመር ይሻላል። ቦታው ሲመጣ ጨዋታው ይመጣል፤ ጨዋታው ሲመጣ የቅጽል ስሙ ሳይቀር ይከተላል። ከዚያ በኋላ «ፎቶ አንሺውስ ከየት በኩል ይቆም ነበር? ይጮኽባችሁ ነበር ወይስ ዝም ይላል? ፎቶውን በስንት ቀን ያደርስላችሁ ነበር?» እያሉ ወደ ዋናው ጉዳይ መግባት ነው። ሁለት የድሮ ጓደኞችን መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎ በአንድነት መጠየቅ ይገባል፤ አንድ ላይ ከተጀመረ ደፋሩ ይናገራል፣ ሌላው ለይሉኝታ ብሎ «ልክ ነው» ይላል።

ዓመት ለማያስታውሱ አዛውንት በሁሉም ዘንድ የታወቁ ክንውኖች እንደ ችካል ያገለግላሉ። አበበ ቢቂላ በሮም ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ለጎንደር ሰው ለማስታወስ የተመቸ ነው። «ያ ጨዋታ ከዋንጫው በፊት ነው በኋላ?» የሚለው ጥያቄ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከሚለው ይልቅ የታመነ መልስ ያስገኛል።

የቤቱ ሴቶች እንዳይረሱ። ነጌቲቭ ሲታጠብ፣ ፎቶ ሲታተምና ሲደርቅ፣ ጠርዙ ሲቆረጥ፣ ከደንበኛ ሒሳብ ሲቀበሉ የዋሉ ሚስትና ሴት ልጆች ካሉ፣ ስለ አሠራሩ ከተጫዋቾቹ ሁሉ የበለጠ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። እትዬ እገሌ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እርሱ ነው የሚያነሣው» ቢሉም የጨለማው ክፍል የት እንደነበር፣ ውኃው ከየት ይቀዳ እንደነበር፣ መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ እንደነበር ቢጠየቁ ወሬው ይፈታል።

መገልበጥና መጻፍ

የታተመ ፎቶ በስካነር በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡ ነጥቦች ቁጥር)፣ የ35 ሚሊ ሜትር ነጌቲቭ በ3200፣ ካሬው ነጌቲቭ በ2400 ቢገለበጥ ይበቃል። ስካነር ከሌለ ነጭ ብርሃን የሞላ የታብሌት ስክሪን ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ንጹሕ መስተዋት ተደርጎ ነጌቲቩ በዚያ ላይ ይቀመጣል፤ ከፍታው የስክሪኑ ነጠብጣብ በፎቶው ላይ እንዳይታይ ያደርጋል። ክፍሉ መጨለም አለበት። የሚያብረቀርቀው የነጌቲቩ ገጽ ወደ ካሜራው መዞሩ ይረጋገጥ፤ ከተገለበጠ ግራኙ ተጫዋች ቀኝ እግረኛ፣ የፋሲል ግንብም ዞሮ ይወጣል። በመለያ ላይ ያለ ቁጥር ወይም በስተኋላ ያለ የሱቅ ጽሑፍ ካለ ይህን ለማየት ይረዳል። ዋናው ቅጂ የምስሉን ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዐይነት፣ በቲፍ፣ ሳይቆረጥና ሳይታረም፣ ከነጠርዙ ይቀመጥ። ቅጂው ሦስት ይሁን፤ አንዱም ከሌሎቹ በተለየ ቤት ይኑር።

ስለ መብት በአጭሩ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለፎቶግራፍ የሚሰጠው የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ነው። ይህ ጊዜ ቢያልፍም የፎቶ አንሺውን ስም መጥቀስና ቤተሰቡን ማስፈቀድ አይቀርም። ቤተሰቡ «ይሄኛው አይውጣ» ካለ አይወጣም።

ጽሑፉን «እገሌ በእንዲህ ያለ ዓመት ተወለደ» ብሎ መጀመር የተለመደ ቢሆንም፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ከአንድ ጥቅል ፊልም መነሣት የተሻለ ይመስለኛል። ጥቅሉ ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው ይተረካል፤ የት እንደቆመ፣ ምን እንደጠበቀ፣ ምን እንዳመለጠው፣ ለማን እንደሸጠ ይገለጻል፤ ልደቱና ትምህርቱ በመካከል ቦታቸውን ያገኛሉ። የደበዘዙትና ያመለጡት ፎቶዎች ከጽሑፉ አይውጡ፤ ባለሙያው ምን ሊይዝ እየሞከረ እንደነበር የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው። በእያንዳንዱ የፎቶ መግለጫ ላይ በፖስታው የተጻፈው «ተጽፏል»፣ ከአንደበት የተሰማው «ተነግሯል»፣ ከጥላና ከወረቀት የተገመተው «ይመስላል» እየተባለ ይለያል።

ሲጠናቀቅ አንድ ሙሉ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንድ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ደግሞ አዲስ አበባ ለሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ እመክራለሁ፤ ከቅጂው ጋር የቁጥሩ መዝገብና የቃለ መጠይቁ ድምፅ አብሮ ይሂድ። ዋናዎቹ ነጌቲቮች በወረቀት ፖስታ ተደርገው፣ ከወለል ከፍ ብለውና ከውጭ ግድግዳ ርቀው በደረቅ ቦታ ይቀመጡ፤ ሽታቸውም በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ይፈተሽ።